ሽንኩርቷን እስክትነቅል

በአንበሳሜ ዙሪያ ፍግ የሚሰጥ ሰው የለም። እህል ያበድራሉ፤ በሬ ያውሳሉ፤ የታመመ ሰው በቃሬዛ ተሸክመው ደብረ ታቦር ድረስ ይሄዳሉ። ፍግ ግን አይሰጡም። ዛፉ ካለቀ ቆይቷል፤ ምድጃው የሚነደው በኩበት ነው። እበቱ ከላሟ ሥር ሳይበርድ የትኛዋ ሴት እንደምታነሣው ይታወቃል። ከኩበት የተረፈችው ጥቂት ከአመድና ከጉድፍ ጋር በጓሮ ተከምራ ትበሰብስና ለባለቤቷ ጎመንና ሽንኩርት ትሆናለች። በዚህ የተነሣ ተጣልተው፣ ሽማግሌ ተቀምጦም ያልታረቁ ጎረቤቶች አሉ። ከተማ ተቀምጦ ስለ ገበሬው ኋላ ቀርነት የሚጽፍ ሰው ይህን አያውቅም። ቢያውቅም አይጽፈውም። ገበሬው ፍጉን ማሳው ላይ የማይበትነው ስለማያውቅ ሳይሆን እራቱን የሚያበስልበት ሌላ ነገር ስለሌለው ነው ብሎ የጻፈ ሰው፣ ቀጥሎ ዛፉን ማን እንደጨረሰው መጠየቅ ይኖርበታል።

ስለዚህ በ1978 ዓ.ም. ኅዳር መጀመሪያ ላይ ጎረቤቷ ዓለሚቱ አንድ ቅርጫት ጥቁር፣ የተብላላ ፍግ በጀርባዋ አዝላ መጥታ ከጓሮዋ ስትደፋው፣ አመተማርያም ሴትዮዋ ቦታ የተሳሳተች መሰላት።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለቻት።

«በረት ስናጸዳ ተረፈን» አለች ዓለሚቱ መሬት መሬት እያየች። «እዚያ ከሚቀመጥ ብዬ ነው።»

አመተማርያም ዕድሜዋን ሙሉ ስለ ፍግ «ተረፈ» ሲባል ሰምታ አታውቅም። ቢሆንም መደቡን ለተከላ እያለሰለሰች ስለነበር አመስግና በተነችው።

አመተማርያም ባሏ የሞተባት፣ ሃምሳን የተሻገረች ሴት ናት። በሬዎቿ በድርቁ ጊዜ አልቀው መሬቷን የእኩል የሚያርሰው ሌላ ሰው ነው። የራሴ የምትለው ከወንዙ ዳር ያለችውን ጓሮ፣ በትንሽ ቦይ ውኃ የምትጠጣውን የአበሻ ሽንኩርት መደብ ብቻ ነበር። አንድ ልጅ አላት፤ ተክሌ ይባላል። በመጀመሪያው ዙር ብሔራዊ ውትድርና ሄዷል። «ሄዷል» የሚለው የቢሮ ቃል ነው፤ ከገበያ ሲመለስ ነው የያዙት። ቀበሌው የሚያዋጣው የሰው ኮታ ነበረበት። ኮታውን የሚሞላው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ዘውዱ ነበር። ዘውዱ ቤት ለአካለ መጠን የደረሱ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩ። ኮታው በባልቴቷ አንድ ልጅ ሞላ። አዋጁ ለሁሉም እኩል ነው ተብሏል። አዋጅ መቼም እኩል ነው፤ ቤት የሚመርጠው የሚይዘው እጅ ነው።

ተክሌ መሞቱን አገሩ ሁሉ ሰምቷል። ያልሰማችው እናቱ ብቻ ነበረች።

ወሬውን ያመጣው ከተክሌ ጋር አንድ ጦር ውስጥ የነበረ ቁስለኛ ወታደር ነው። ወደ ጉና፣ ወደ ቤተሰቡ ሲያልፍ አንበሳሜ ከኑሩ ሱቅ ደጃፍ ዐረፈና የተክሌን ዘመዶች ጠየቀ። ኑሩ በየዓመቱ የአመተማርያምን ሽንኩርት የሚገዛ ነጋዴ ነው። የሰማውን ከሰማ በኋላ ሱቁን ቆልፎ በእግሩ መንደሩ ድረስ ሄደና ለዘውዱ ነገረው። ዘውዱ ለቄስ ወልደጊዮርጊስ ነገረ፤ እሳቸው የአመተማርያም የነፍስ አባት ናቸው። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ እሷ ወደ ቤቷ ከሄደች ወዲያ፣ የመንደሩ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቀርቶ መከረ።

በዚያ አገር መርዶ እንደ ወሬ አይነገርም። ማለዳ ነው የሚነገረው፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ሽማግሌና የነፍስ አባት ባለበት፣ የሞተበትን ሰው አስቀምጦ። ጊዜም አለው። ለነፍሰ ጡር አይነገርም። አዝመራው አውድማ ላይ ላለ ሰው አይነገርም፤ መርዶ የሰማ ሰው እጁን ከሥራ ያነሣል፣ እህሉም የወፍ ይሆናል። በግቢው ውስጥ የተጨቃጨቁት በዚህ ነበር። አንዳንዱ ኃጢአት ነው፣ ዛሬውኑ ይነገራት አለ። ኑሩ በእነሱ በሙስሊሞቹ ዘንድ ለቅሶ እንዲህ እንደማይቆይ፣ ሰው በሞተ ጊዜ ወዲያው ተጽናንቶ ወደ ፈጣሪ እንደሚመለስ ተናገረ፤ አንገቱን ደፍቶ ግን የእናንተን ሥርዓት እናንተ ታውቃላችሁ አለ። ጉዳዩን የቆረጡት ቄስ ወልደጊዮርጊስ ናቸው።

«ዛሬ ብንነግራት መኮትኮቻውን ትጥላለች» አሉ። «ዘሩ በቅርጫት እንዳለ ይደርቃል። ከዚያ የልጇን ተዝካር በምን ታወጣለች? እኛ እናብላላት ብትሉ የገዛ ልጇን ተዝካር በልመና ልታወጣ ነው? ሽንኩርቷን ትንቀል። ከዚያ እንነግራታለን።»

ሁሉም ተስማማ። ከአፋቸው እንዳይወጣ በግዝት ታሰረ፤ ኑሩም በራሱ አምላክ ማለ።

ያላሰቡት ነገር ከዚያ በኋላ መጣ። ዐውቆ ዝም ማለት ከባድ ነው። ሰው ሲሞት በዚያ አገር እጅ ሥራ ይፈልጋል፤ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቀማል፣ ሐዘንተኛው እንዲበላ ይለመናል። እነዚህ ሰዎች ግን ንፍሮ ይዘው ቢሄዱ ምሥጢሩ ይወጣል። የሚሠሩት አጡ። ስለዚህ ለእሷ የማይሰጡትን ለሽንኩርቷ ሰጡ። ፍግ አይናገርም ብለው አሰቡ። ከዓለሚቱ በኋላ በማግሥቱ ሌላዋ መጣች፤ ከዚያ ሌላው። ያን ሰሞን ፍግ ተርፎት የማያውቅ በረት ሁሉ ተረፈው።

አመተማርያም ዘነበች እስክትመጣ ድረስ ነገሩ አልገባትም።

ዘነበች ከወዲያ ማዶ ያለች ጎረቤት ናት። ከአመተማርያም ጋር የተጣሉት በእበት ነው፤ የዘነበች ላም አመተማርያም ደጅ ላይ የጣለችው እበት የማን ነው በሚል። ነገሩ የሚያስቅ ቢመስልም ኩበት ነድቶት ለማያውቅ ሰው ብቻ ነው የሚያስቀው። ከዚያ ወዲህ በሁዳዴ ፍቺ እንኳ ደጅ ለደጅ አልተጠያየቁም። ያቺ ዘነበች አንድ ማለዳ ሙሉ ቅርጫት ይዛ መጣች፣ ገለበጠች፣ ቀና ብላ አየቻትና «ይብቀልልሽ» አለቻት። ሌላ ቃል ሳትጨምር ሄደች።

አመተማርያም ቆመች። እግሯ ሥር ያለውን ፍግ አየችው። ያኔ ነው ያወቀችው። ልቧ እስኪነግራት መጠበቅ አላስፈለጋትም፤ ሥርዓቱን ታውቀዋለች። የዓለሚቱ ወንድም ቆላ ወርዶ በንዳድ የሞተ ጊዜ፣ ጤፉ እስኪወቃ ድረስ ለዓለሚቱ ዝም ካሉት አንዷ እሷ ነበረች። ያኔ ዓለሚቱን ባየች ቁጥር አንድ ነገር ልትሰጣት እጇ ይበላት እንደነበር አስታወሰች። ጎመን ወስዳላት ነበር። አሁን ለእሷ ፍግ መጣላት።

ልትጮኽ አፏን ከፈተች። የዘር ሽንኩርቱ ራስ ራሱ ተለያይቶ በቅርጫት ውስጥ ነበር፤ ካልተተከለ ሳምንት አይቆይም። ከጮኸች ነገሩ ዛሬ ይሆናል። ካልጮኸች እስክትነቅል ድረስ አይሆንም፤ ማንም አልነገራትማ። አፏን ዘጋች። ጎንበስ ብላ ፍጉን ከአፈሩ ጋር መቀላቀል ጀመረች። ከዚያ ቀን ወዲህ እጇን እንደ ሌላ ሰው እጅ ታየው ነበር፤ ሲሠራ ታየዋለች፣ ሲደክም ግን አይሰማትም።

በዚያ ሰሞን ዘውዱ በአህያ ግማሽ ጆንያ ዳፕ ጭኖ መጣ። ማዳበሪያ የሚሰጠው ለአምራቾች ማኅበር ነው፤ የግሉን የሚያርስ ገበሬ ከተረፈ ብቻ ነው የሚያገኘው፤ አይተርፍም። ዘውዱ ከመጋዘኑ እንዴት እንዳወጣው የሚያውቀው እሱ ነው። ቢደረስበት ይታሰር ነበር። ሰውየው ፈሪ ነበር እንጂ ድንጋይ አልነበረም።

«ዐምና ለምኜህ ለግለኛ የለም ብለኸኝ አልነበረም?» አለችው።

«ዘንድሮ ተርፏል።»

«ዘንድሮ ሁሉም ነገር ይተርፋል» አለች አመተማርያም። ጆንያውን አብራው ከአህያው ላይ አወረደች።

የልማት ሠራተኛው ደሳለኝ በማግሥቱ መጣ። ደሳለኝ በደብረ ታቦር ተመድቦ የመጣ፣ ጨዋ፣ ሥራውን የሚወድ ወጣት ነበር፤ የሌላ አገር ልጅ ስለሆነ ማንም ምሥጢሩን አልነገረውም። ከመጣ ጀምሮ ይህችን ጓሮ ለማሳያ ይፈልጋት ነበር፤ መንገድ ዳር ናት። አመተማርያም ግን ማዳበሪያ ዘሩን ያቃጥላል ብላ እንቢ ብላው ኖራለች። አሁን ግን የሚላትን ሁሉ ሰማች። መደቡ ላይ ፈር አወጡ። ዳፑን ከፈሩ ሥር በትነው፣ ሽንኩርቱን እንዳይነካው አፈርና ፍግ አለበሱበት፤ ከዚያ ራሶቹን ጫፋቸው እስኪታይ ተከሉ።

«ፍጉ አፈሩን ያለሰልሰዋል፤ ውኃም ይይዝለታል» አላት። «ማዳበሪያው ምግቡን ያፈጥነዋል። አንዱ ያለ አንዱ ግማሽ ሥራ ነው፣ እማማ። ከአረም በኋላ ደግሞ ዩሪያ አመጣልዎታለሁ፤ ከግንዱ ራቅ አድርገን እንጨምርና ወዲያው ውኃ እናጠጣዋለን።»

«እሺ» አለች።

«አያቃጥለውም፣ አይፍሩ።»

«አልፈራም።»

ያለው ሁሉ ትክክል ነበር። ዩሪያውንም በጊዜው አመጣ፣ አንዴ ሲያርሙ፣ አንዴ ደግሞ ራሱ መቋጠር ሲጀምር። ቅጠሉ ጠቆረ፣ እንደ አውራ ጣት ወፈረ። ደሳለኝ ጎረቤቱ ሁሉ ፍግ ይዞ ወደዚያች ጓሮ ሲመጣ አይቷል። በሪፖርቱ ላይ ኅብረተሰቡ ስለ ፍግ ጥቅም ከፍተኛ ንቃት አሳየ፣ ከግል ስሜት ወጥቶ በመተባበር መንፈስ ተነሣሣ ብሎ ጻፈ። አልዋሸም። ያየውን ነው የጻፈው። ያገሩ ሪፖርት ሁሉ እንዲህ ነበር፤ ሰው ሐዘኑን በጀርባው ተሸክሞ ሲያልፍ አይተው ልማት ብለው ይጽፉታል። በሚቀጥለው ዓመት በዚያ መንደር አንድ ቅርጫት ፍግ የሰጠ ሰው አልነበረም። የመተባበር መንፈሱ የት እንደገባ የጠየቀም አልነበረም።

አመተማርያም ጠዋት ቦዩን ትከፍታለች፣ ማታ ትዘጋለች። በመሐል ትኮተኩታለች። ሽሮዋ ጨው ይኑረው አይኑረው አታውቅም። ሴቶቹ ሲያልፉ ከአጥሩ ቆም ይላሉ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጨው መወደድ፣ ስለ አንዱ ቤት ጥጃ ያወራሉ፤ የልጅ ነገር ሲመጣ ወሬው እንደ ቦይ ውኃ ወደ ሌላ ይታጠፋል። ያኔ እነሱን ማየት ያሳዝናት ነበር። እሷ ዐውቃ ዝም ማለቷን እነሱ አያውቁም፤ ሁሉም ብቻውን የሚሸከም ይመስለዋል። አንድ ቀን ዓለሚቱ ሽንኩርቱን አይታ «አንቺ፣ ይህስ እንደ ካድሬ ወፈረ፤ ስብሰባ እንዳይጠራ ፍሪ» አለቻት። አመተማርያም ሳቀች። አፏ ሳቀ። ዓለሚቱም ሳቀችና ድንገት ፊቷን አዙራ ሄደች።

የካቲት ላይ ደሳለኝ ከደብረ ታቦር እንግዶች አመጣ። በላንድሮቨር መጡ፤ አንድ የአውራጃ ሹም፣ ሌሎችም ደብተር የያዙ። የመንደሩ ሰው በጓሮዋ ዙሪያ ተሰለፈ። ደሳለኝ አንዱን ነቅሎ አሳያቸው፤ ከአንዲት ራስ ብዙ ልጅ ወጥቶ እርስ በርሱ ተገፋፍቶ አፈሩን ሰንጥቆት ነበር። ሹሙ ተደነቀና ምሥጢሩ ምንድን ነው ብሎ አመተማርያምን ጠየቃት።

«ጎረቤቶቼ ፍግ ሰጡኝ» አለች። «ሊቀ መንበሩ ማዳበሪያ ሰጠኝ። ይህ ልጅ አተካከሉን አሳየኝ።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ውኃ አጠጣሁት።»

ሳቁ። ሹሙ ሴትዮዋን ወደዳት፤ ልቡ ክፉ አልነበረም። «ልጆች አሉዎት፣ እናታችን?» አላት።

ዘውዱን ሳል ያዘው። ቄስ ወልደጊዮርጊስ መስቀላቸውን ጨበጡ።

«አንድ አለኝ» አለች አመተማርያም። «ሰሜን ጦር ግንባር ነው።»

«የጀግና እናት ነዎት ማለት ነው። ሲመለስ ይህን ያየዋል።»

«አዎን» አለች።

ሹሙ አጨበጨበ፤ ደብተር የያዙትም አጨበጨቡ፤ ከዚያ መንደሩ ማጨብጨብ ነበረበትና አጨበጨበ። ዘነበች ብቻ ከሰልፉ ወጥታ ቁልቁል ወደ ወንዙ ሄደች። እንግዶቹ ለናሙና ጥቂት ሽንኩርት በከረጢት አስያዙና ተሳፈሩ።

መጋቢት ላይ ቅጠሉ ወድቆ ቢጫ ሆነ። ሊነቅሉ ሁሉም መጡ። ቤቷ ሽንኩርት መያዝ አቃተው፤ በዚያች ጓሮ እንዲህ ያለ ምርት ታይቶ አይታወቅም። ዘሩን ለይታ ከጣራው ሥር ሰቀለችው። የቀረውን ኑሩ በአህዮች ጫነና ለተዝካር የሚበቃ ገብስ አምጥቶ ደጇ አራገፈላት፤ ለምን ገብስ እንደፈለገች አልጠየቃትም። ፊቷን ሳያይ ተሰናበታት።

ከዚያ መጠበቅ ጀመረች። ጎሕ ሲቀድ ትነሣለች፣ ፊቷን ትታጠባለች፣ ቤቱን ትጠርጋለች፣ በሩን ከፍታ ትቀመጣለች። ማንም አልመጣም። ፀሐይ ሲወጣ ተነሥታ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ቄሱ ጾሙ ይለፍ አሉ። ሌላው ሽንኩርቱ ይድረቅ አለ። ዘውዱ ደግሞ የአውራጃው ሰዎች ሊመለሱ ይችላሉ፣ ያ ይለፍ አለ። ምክንያት አላጡም። መናገሩን እስከ ነቀላ ድረስ ሲሸሹት ቆይተው፣ ነቀላው ካለፈ በኋላም መሸሹን መተው አቃታቸው።

አንድ ማለዳ አመተማርያም ነጠላዋን ለብሳ ወደ ዘውዱ ቤት ሄደች። ልጆቹ ለእርሻ በሬ እየጠመዱ ነበር። ዘውዱ ከደጁ ሆኖ ሞፈር ያስተካክላል። እንደምን አደርሽ አላት።

«ሽንኩርቱን ነቅያለሁ» አለች።

«አየሁት። እንዲህ ያለ ምርት...»

«ነቅያለሁ። ዘሩን ለይቻለሁ። ገብሱም ገብቷል። አሁን ንገረኝ።»

«ምኑን?» አለ ዘውዱ።

ልጆቹ በሬውን ይዘው ቆሙ። ዘውዱ ሞፈሩን አስቀመጠ፤ እንደገና አነሣው።

«ቄሱን ልጥራቸው» አለ። «ሽማግሌ ሳይኖር፣ እንዲህ ቆመሽ አይሆንም፤ ሥርዓት አለው።»

«ሲወሰድ ሽማግሌ አልነበረም» አለች። ድምፅዋ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «የሰጠኸው አንተ ነህ። አንተ ንገረኝ።»

ዘውዱ ወደ ልጆቹ አየ። አንደኛው አንገቱን ደፋ። ሰውየው ብዙ ስብሰባ መርቷል፣ ብዙ መፈክር አሰምቷል፤ አንዲት ቃል ለማውጣት ግን ከንፈሩ ታገለው።

«ተክሌ ሞቷል፣ አመተማርያም» አለ።

«መቼ?»

«ጥቅምት ላይ ነው አሉ።»

ራሷን ነቀነቀች። «ከተከላው በፊት ነው» አለች። በሩ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

የዘውዱ ሚስት ከውስጥ ሆና ስትሰማ ኖሯል፤ የመጀመሪያው ጩኸት ከእሷ ወጣ። ከዚያ መንደሩ ሁሉ መጣ፤ በጋውን ሙሉ ታግዶ እንደቆየ ወንዝ ነበር አመጣጡ። ዓለሚቱ ደረቷን እየደቃች መጣች። ዘነበች መሬት ላይ ወደቀችና የአመተማርያምን እግር ይዛ ይቅር በይኝ አለች፤ ስለ እበቱ ይሁን ስለ ዝምታው አልታወቀም። ደሳለኝ ጩኸቱን ሰምቶ መጣና የሆነውን ከአንዱ ጠየቀ። ሲነግሩት ወደ ጓሮዋ አቅጣጫ አየ፤ «ታዲያ ፍጉ...» ብሎ ጀምሮ ሳይጨርስ ባርኔጣውን አወለቀ።

አመተማርያም በመካከላቸው ተቀምጣ ተመለከተቻቸው። ብዙ ወር ይዘውት የቆዩት ነገር ነበር፤ ሲለቁት አንቀጠቀጣቸው። እሷ ውስጥ የሚለቀቅ ነገር ፈለገች፤ አላገኘችም። ድንጋዩ ላይ ወደ ጥግ ጠጋ ብላ ለዓለሚቱ ቦታ ሰጠቻትና፣ ማልቀሱን ለእነሱ ተወችላቸው።